ክሪኬትና ቤዝቦልን አንድ ልብ ይችላቸዋል?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ቤዝቦልን ስድስት ዓመት ተከታትያለሁ። ለአንድ ጨዋታ ብዬ ሌሊት የምነሳ ሰው ነኝ። ዘንድሮ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ክሪኬት አስለመደኝና ወደድኩት። ችግሩ፣ ክሪኬቱን እያየሁ ቤዝቦሉን እፈልጋለሁ። መቺው ኳሷን ከመታ በኋላ ለምን አይሮጥም? ለምን ግማሽ ቀን ሙሉ ኳስ እየመከተ ብቻ ይቆማል? ባልደረባዬ ደግሞ «ቤዝቦል የልጆች ጨዋታ ነው» እያለ ያበሽቀኛል። የቤዝቦል ጓደኞቼ «ከዳኸን» ይሉኛል። አንዱን ልምረጥ? ወይስ ሁለቱንም ከልብ መከተል ይቻላል? ጊዜውንስ እንዴት ያብቃቁታል?
«ሁለት ልብ» ነኝ

መልስ፦ ወንድሜ ሁለት ልብ፣ አትምረጥ። እኔ ሁለቱንም መከተል ከጀመርኩ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖኛል። አንዱ የሌላውን ፍቅር ቀንሶብኝ አያውቅም። (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፍልህ።)

አንተ ከቤዝቦል ወደ ክሪኬት መጣህ። እኔ የመጣሁት በተቃራኒው ነው። ክሪኬት የያዘኝ በ2005 ነው፣ እንግሊዝና አውስትራሊያ እንግሊዝ ውስጥ ኤጅባስተን ሜዳ ላይ ሲጫወቱ። በመጨረሻው ጠዋት አውስትራሊያ ለማሸነፍ 107 ራን (የውጤት ቁጥሩ ነው) ይቀራታል፤ በእጇ ያሉት ሁለት ዊኬቶች ብቻ ናቸው፣ ሁለት መቺ ከወጣባት አለቀ። ሰው ሁሉ አለቀ ብሏል። ከዚያ የአውስትራሊያው ሼን ዋርን ወጣ፣ አንድ ዊኬት ብቻ ቀረ። ብሬት ሊና ማይክል ካስፕሮዊች ግን አንድ በአንድ እየለቀሙ ሦስት ራን እስኪቀራቸው ደረሱ። ያኔ ኳሷ የካስፕሮዊችን ጓንት ነክታ ከኋላው በአየር ላይ ተያዘች፣ እሱም ወጣ። እንግሊዝ በ2 ራን አሸነፈች። ሊ መሬት ላይ ቁጢጥ ብሎ ቀረ። የእንግሊዙ አንድሩ ፍሊንቶፍ የቡድኑን ጭፈራ ትቶ ሄደና አጠገቡ ቁጢጥ ብሎ እጁን ጨበጠው። ያችን ደቂቃ እስከ ዛሬ ሳስባት ሆዴ ይባባል።

ቤዝቦል የያዘኝ ደግሞ በ2011 የዓለም ሲሪየስ (የአሜሪካ ቤዝቦል የፍጻሜ ግጥሚያዎች) ስድስተኛ ጨዋታ ነው። ሴንት ሉዊስ ከቴክሳስ። ቴክሳስ ዋንጫውን ለማንሳት አንድ ስትራይክ ብቻ፣ መቺው አንዴ መሳቱ ብቻ፣ ቀርቷት ነበር፤ ያውም ሁለት ጊዜ! ዘጠነኛው ኢኒንግ (የመምታት ዙር) ላይ ዴቪድ ፍሪስ መትቶ አዳነ። አሥረኛው ላይ ላንስ በርክማን አዳነ። አሥራ አንደኛው ላይ ፍሪስ ራሱ ሆም ራን መትቶ 10 ለ 9 ዘጋው። ሴንት ሉዊስ ሰባተኛውንም አሸንፋ ዋንጫውን ወሰደች። ሰዓት ቆሞ የሚያድንህ ጨዋታ አይደለም፤ የመጨረሻውን ሰው እስክታወጣ ድረስ አላሸነፍክም። ይህን ሳይ «ይሄማ የእኔ ጨዋታ ነው» አልኩ።

ግን እኔም እንዳንተው ተደናገርኩ። መቺው ሦስት ጊዜ ስቶ ምንም እንዳልሆነ ወደ ወንበሩ ይመለሳል። ጓደኞቹም አያዝኑለትም። ክሪኬት ላይ እንዲህ የወጣ ሰው ወደ ውስጥ ሲመለስ ስታዲየሙ ሁሉ ዝም ይላል። «እነዚህ ሰዎች ምን ነካቸው?» እያልኩ ብዙ ጊዜ ተቸገርኩ።

ነገሩ የገባኝ ዱላውን ትቼ አውቱን፣ ማለትም የመቺውን መውጣት፣ ማየት ስጀምር ነው። አውት በሁለቱ ጨዋታዎች ዋጋው ለየቅል ነው። ያንተን ጥያቄ ሁሉ የሚፈታው ይሄ ይመስለኛል፣ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት።

ቤዝቦል ላይ አንድ ቡድን በዘጠኝ ኢኒንግ 27 አውት አለው። መቺው በአንድ ጨዋታ አራት አምስት ጊዜ ተራ ይደርሰዋል። አሁን ከሳተ ከአንድ ሰዓት በኋላ ይመለሳል። ነገ ሌላ ጨዋታ አለ፤ በአንድ የውድድር ዘመን 162 ጨዋታ ነው። ከአሥር ሰባቱን የሚስት ሰው ጎበዝ ይባላል። ከአሥር አራቱን መምታት ደግሞ ሰማይ እንደ መንካት ነው። በሁለቱ ታላላቅ የአሜሪካ ሊጎች፣ በአሜሪካንና በናሽናል ሊግ፣ ለመጨረሻ ጊዜ በሙሉ የውድድር ዘመን ይህን ያደረገው ቴድ ዊሊያምስ ነው፣ በ1941።

የመጨረሻውን ቀን ታሪክ ልንገርህ። ዊሊያምስ ፊላደልፊያ ሲደርስ አማካዩ፣ ከሙከራዎቹ የመታው ድርሻ፣ .39955 ነበር። ቁጥሩ ሲጠጋጋ .400 ይሆናል። አሰልጣኙ ከፈለገ እንዲያርፍ ነገረው። ቢያርፍ ክብሩ በእጁ ነው። እሱ ግን እጫወታለሁ አለ። በዚያ ቀን ሁለት ጨዋታ ነበር። ከስምንት ሙከራ ስድስቱን መታ። አማካዩ .406 ሆኖ ዘመኑ አለቀ።

አሁን ወደ ክሪኬት ና። መቺው አንድ ጊዜ ከወጣ በዚያ ኢኒንግ ዳግም አይመለስም። በአምስት ቀኑ ቴስት ጨዋታ ሌላ ዕድል ለማግኘት አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን ሊጠብቅ ይችላል። አንዳንዴ ጭራሽ አያገኝም። ለዚህ ነው የሚመክተው። ለዚህ ነው ኳሷን ነክቶ የማይሮጠው። ሕጉ አያስገድደውም፤ መሮጥ ካልጠቀመው ቆሞ ሌላ ኳስ ይጠብቃል። ከኋላው የቆሙትን ሦስት እንጨቶች እየጠበቀ ነው፤ ኳሷ ከመታቻቸው አለቀለት። አንተ ቤዝቦል ላይ «መቺ» ብለህ የምታስበው አጥቂ ነው። ክሪኬት ላይ ግን መቺው ዘበኛም ነው።

የአውስትራሊያው ዶን ብራድማን በቴስት ክሪኬት ታሪክ ወደር የሌለው መቺ ነው። በ1948 ለንደን ዘ ኦቫል ለመጨረሻ ጊዜ ሊመታ ሲገባ አማካይ ውጤቱን፣ አንድ ጊዜ እስኪወጣ የሚያገኘውን ራን፣ 100 ለማድረስ 4 ራን ብቻ ይበቃው ነበር። አንድ ምት ወደ ድንበሩ ማለት ነው። የእንግሊዝ ተጫዋቾች ከበው ሦስት ጊዜ እልል አሉለት። የእንግሊዙ ኤሪክ ሆሊስ የመጀመሪያዋን ወረወረ፣ መከተ። ሁለተኛዋ ባልጠበቀው በኩል ዞራ ገብታ እንጨቱን መታችው። ዜሮ። ዱላውን ይዞ ወጣ፣ አማካዩም 99.94 ሆኖ ቀረ። «ነገ እክሰዋለሁ» ማለት አይቻልም። ነገ የለም።

እነዚህን ሁለት ቀኖች አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጣቸው። ዊሊያምስ ስምንት ዕድል አገኘ፤ ብራድማን ሁለት ኳስ። አንዱ ጨዋታ ደጋግሞ መመለስን ያስተምራል፣ ሌላው አንዷን ዕድል አጥብቆ መያዝን። እኔ ሁለቱንም እፈልጋቸዋለሁ።

ሌላው ዓይኔን የከፈተው ኳሷ ናት። ይህን ስጽፍ ሁለቱም ጠረጴዛዬ ላይ ናቸው። የቤዝቦሏ ነጭ ናት፤ ቀይ ስፌቷ እንደ ፈረስ ኮቴ እየተጠማዘዘ ይዞራታል፣ 108 ጥንድ ስፌት። ጣቴ የስፌቱን ጠርዝ ሲያገኝ ቆንጠጥ አድርጎ ይይዘዋል። የወርዋሪው ጥበብ እዚያ ጠርዝ ላይ ነው። የክሪኬቷ ቀይ ናት፤ በእጅ ስትመዝናት ትንሽ ትከብዳለች። ስፌቷ በወገቧ ላይ እንደ ቀበቶ ቀጥ ብሎ ይዞራል። የእኔዋ ያገለገለች ናት። አንደኛው ጎኗ እስከ ዛሬ ያብረቀርቃል፣ ሌላው ጎን እንደ አሮጌ ጫማ ተፍቋል።

ይሄ ልዩነት በአጋጣሚ የመጣ አይደለም። የቴስት ቡድን ኳሷን ቢያንስ 80 ኦቨር ይዟት ይቆያል፤ ኦቨር ማለት ስድስት ኳስ ነው። ወርዋሪዎቹ አንዱን ጎን ብቻ ሱሪያቸው ላይ እያሹ ያብረቀርቁታል። ነጭ ሱሪያቸው ጭን ላይ የምታየው ቀይ ምልክት ከዚያ የመጣ ነው። ለስላሳው ጎንና ሻካራው ጎን ከአየሩ ጋር እኩል ስለማይሄዱ ኳሷ በመንገዷ ትታጠፋለች። ከዚያ መሬት ነጥራ ሌላ ነገር ታደርጋለች። ስለዚህ ኳሷ ስታረጅ ጨዋታውም አብሮ ይለወጣል። ጠዋት ያየኸው ወርዋሪ ከሰዓት በኋላ ሌላ ሰው ይመስልሃል።

ቤዝቦልም በፊት ኳሱን ያስረጅ ነበር። በ1920 ግን የክሊቭላንዱ ሬይ ቻፕማን በካርል ሜይስ ውርወራ ጭንቅላቱን ተመታና በማግሥቱ ሞተ። ኳሷ ቆሽሻ በደንብ አትታይም ነበር። ከዚያ ወዲህ ዳኞች የቆሸሸ ኳስ ቶሎ ቶሎ መለወጥ ያዙ። ዛሬ አንድ ጊዜ መሬት የነካች ኳስ ወዲያው ከጨዋታ ስትወጣ ታያለህ። አዲሷ ደግሞ እንዳታንሸራትት ከጨዋታው በፊት ከዴላዌር ወንዝ አካባቢ በሚመጣ ጭቃ ትታሻለች። ይህን ካወቅኩ በኋላ ዳኛው ከወገቡ ከረጢት አዲስ ኳስ ሲያወጣ ባየሁ ቁጥር ቻፕማን ትዝ ይለኛል።

ባልደረባህ «የልጆች ጨዋታ» ሲልህ ቤዝቦልን ማን እንዳሳደገው ንገረው። በ1869 የመጀመሪያውን በይፋ ባለሙያ ቡድን ሲንሲናቲ ውስጥ የመራው ሃሪ ራይት ሼፊልድ ተወልዶ ኒው ዮርክ ውስጥ ክሪኬት ይጫወት የነበረ ሰው ነው። የጨዋታውን የውጤት ሠንጠረዥ ያስለመደው ሄንሪ ቻድዊክም እንግሊዝ የተወለደ የክሪኬት ዘጋቢ ነበር። «ከዳኸን» ለሚሉህ ጓደኞችህ ደግሞ የመጀመሪያው ዓለም አቀፍ የክሪኬት ግጥሚያ በ1844 ኒው ዮርክ ላይ በአሜሪካና በካናዳ መካከል እንደተደረገ ንገራቸው። ሌላም አለ። በ2024 የ20 ኦቨር የዓለም ዋንጫ አሜሪካ ዳላስ አጠገብ ፓኪስታንን በሱፐር ኦቨር፣ እኩል የወጡ ቡድኖች በሚለዩባት አንድ ተጨማሪ ኦቨር፣ ጉድ ሠራቻት። ያ ስታዲየም ለቤዝቦል የተሠራ ነበር! ሱፐር ኦቨሩን የወረወረው ሶራብ ኔትራቫልካርም የሶፍትዌር መሐንዲስ ነው። እኔ በዚያ ምሽት የማደርገው ጠፍቶኝ ቤት ውስጥ ስንጎራደድ ነበር።

ስለ ጊዜው። ሁሉን አያለሁ ካልክ ሁለቱንም ትጠላቸዋለህ። ከ162ቱ እኔ በሳምንት ሁለቱን ብቻ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አያለሁ፣ ሌላውን በውጤት እከተላለሁ። በ2023 የወርዋሪ ሰዓት፣ ወርዋሪው ኳሷን የሚወረውርበት የጊዜ ገደብ፣ ከመጣ ወዲህ አንድ ጨዋታ በአማካይ ወደ 2 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ወርዷል፤ እሱም ረድቶኛል። ከቴስት ጨዋታ የቀኑን የመጀመሪያ ሰዓትና የመጨረሻውን ሰዓት አልለቅም። አዲስ ኳስ፣ የደከመ መቺ፣ ጥላ የረዘመበት ሜዳ፤ ብዙው ነገር እዚያ ነው ያለው። ቀን መቁጠሪያውም ያግዝሃል። የአሜሪካው ቤዝቦል በመጋቢት መጨረሻ ተጀምሮ በጥቅምት መጨረሻ ወይም በኅዳር መጀመሪያ ያልቃል። እሱ ሲተኛ የአውስትራሊያ ክሪኬት ይነቃል፤ ሜልቦርን ላይ በታኅሣሥ 26 የሚጀመረው ቴስት ለእኔ የዓመቱ ትልቅ ቀን ነው። (ወሮቹንም በነሱ ቁጠርልኝ።) የሚያጣብበው የሰኔና የሐምሌ ጊዜ ነው፤ ያኔ እንግሊዝ ትጫወታለች፣ ቤዝቦሉም ከእኩሌታው ደርሷል። በነዚያ ሁለት ወራት ለቤተሰቤ አስቀድሜ እነግራቸዋለሁ።

አንድ ነገር ግን አደራ፣ በእጅህ መዝግብ። እኔ ሁለት ደብተር አለኝ። ቤዝቦሉ ላይ ስትራይክ አውት፣ መቺው በሦስት ስትራይክ መውጣቱ፣ «ኬ» በምትባለው የላቲን ፊደል ይጻፋል። መቺው ዱላውን ሳያንቀሳቅስ ቆሞ ካየ «ኬ»ዋ ወደ ኋላ ትገለበጣለች። ተጫዋቾቹ ከ1 እስከ 9 ቁጥር አላቸው፤ 6-4-3 ብዬ ከጻፍኩ ኳሷ ከሾርትስቶፕ (በሁለተኛና በሦስተኛ ቤዝ መካከል ከሚቆመው) ወደ ሁለተኛ ቤዝ፣ ከዚያ ወደ አንደኛ ቤዝ በርራ ሁለት ሰው አስወጣች ማለት ነው። ክሪኬቱ ላይ ራን ያልተገኘባት ኳስ ሁሉ በደብተሩ ላይ አንዲት የቀለም ነጥብ (.) ናት። ስድስቱም ባዶ ከሆኑ ነጥቦቹን በመስመር አያይዤ «ኤም» አደርጋቸዋለሁ፤ ሜደን ኦቨር ይባላል። በዚያው ኦቨር ወርዋሪው ሰው ካስወጣ መስመሩ ተገልብጦ «ደብልዩ» ይሆናል። አምስት ስድስት «ኤም» ተከታትለው ገጹ ላይ ሲሰለፉ መቺው እንዴት እንደታነቀ ቁልጭ ብሎ ይታይሃል። ቴሌቪዥኑ ያንን አያሳይህም። ያንተ ጥያቄ፣ ለምን ግማሽ ቀን ይመክታል ያልከው፣ መልሱ ከዚህ ገጽ ላይ ነው የሚነበበው። ቁጭ ብለህ አንድ ከሰዓት ብቻ መዝግብ፣ ከዚያ ጻፍልኝ።

ጥያቄ፦ አምስት ቀን ተጫውቶ «አቻ» ማለት ምን ማለት ነው? ባለቤቴ ክሪኬት ያያል፣ እኔ ይሄ ነገር አይዋጥልኝም።

መልስ፦ እህቴ፣ አቻ ሁሉ አንድ አይደለም። በጥር 2021 ሲድኒ ላይ ህንድ ከአውስትራሊያ የነበራትን የመጨረሻ ቀን ባለቤትሽን ጠይቂው። ሃኑማ ቪሃሪ ጭኑ ተጎድቶ መሮጥ አይችልም። ራቪቻንድራን አሽዊን ጀርባውን አሞታል። ሁለቱ ከ40 ኦቨር በላይ ቆመው ኳሷን በደረታቸውም በክንዳቸውም እየተቀበሉ አልወጣም አሉ። ጊዜው አልቆ ሁሉንም ማስወጣት ስላልተቻለ ውጤቱ አቻ ነው የተባለው። ቀጥሎ ብሪዝበን ላይ ህንድ አሸንፋ ሲሪየሱን (ተከታታይ ግጥሚያውን) ወሰደች፤ የሲድኒው ቀን ባይኖር ያ ድል አይኖርም ነበር።

አሸናፊ እስኪገኝ ድረስ ይቀጥል ቢባልስ? ተሞክሯል። በ1939 ደርባን ላይ እንግሊዝና ደቡብ አፍሪካ የቀን ገደብ የሌለው ቴስት ጀመሩ። አሥር ቀን ፈጀ። እንግሊዝ 696 ራን ፍለጋ 654 ደርሳ ሳለ መርከቧ ልትሄድባት ሆነ። ጨዋታውን ትተው ወደ ወደቡ ሄዱ፣ በአቻ። በነገርሽ ላይ ቤዝቦል አቻ አይወድም፣ እሱም የራሱን አይቷል። በ1981 የአሜሪካ ዝቅተኛ ሊግ ቡድኖች ፖታኬትና ሮቸስተር 33 ኢኒንግ ተጫውተዋል። 32ኛው ሲያልቅ ሊነጋ ሆኖ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት አልፎ ነበር፣ ስታዲየም ውስጥ የቀሩት ተመልካቾች 19 ናቸው። ቀሪዋን አንድ ኢኒንግ ከሁለት ወር በኋላ ተመልሰው ጨረሷት፣ በ18 ደቂቃ። እነዚያን 19 ሰዎች በጣም ነው የምወዳቸው።

ጥያቄ፦ የክሪኬት ተጫዋቾች ያለ ጓንት እንዴት ይይዛሉ? እጃቸው አይሰበርም?

መልስ፦ ይሰበራል፣ አንዳንዴ። ኳስ ከሚይዙት መካከል ጓንት የሚያደርገው ከዊኬቱ፣ ከሦስቱ እንጨቶች፣ ኋላ የቆመው ብቻ ነው። ሌሎቹ ኳሷ ስትደርስ እጃቸውን አብረው ወደ ኋላ ይስቡታል፣ ኳሷ እጃቸው ውስጥ እንድትሞት። በቀስታ የተደገመ ምስል ስታይ እጃቸውን ብቻ ተመልከት፤ መዳፍ ሳይሆን ጎጆ ይመስላል። ሠፈር ውስጥ ልትሞክሩት ካሰባችሁ በቴኒስ ኳስ ጀምሩ።

ጥያቄ፦ ሁለቱን በአንድ መድረክ የምናይበት ዕድል ይኖራል?

መልስ፦ አዎ! በ2028 የሎስ አንጀለስ ኦሊምፒክ ሁለቱም አሉ። ክሪኬት ወደ ኦሊምፒክ የሚመለሰው ከ1900 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። ያኔ ፓሪስ ላይ የተጫወቱት ታላቋ ብሪታኒያና ፈረንሳይ ብቻ ነበሩ፣ አንድ ጨዋታ። አሁን በወንድም በሴትም ስድስት ስድስት ቡድን ይሆናል፣ በአጭሩ በ20 ኦቨሩ። ቤዝቦሉ ዶጀር ስታዲየም ነው። ለዚያ ጊዜ አዲስ ደብተር ከወዲሁ አስቀምጫለሁ። ግማሹን ለክሪኬት አስምሬዋለሁ፣ ግማሹን ለቤዝቦል።